የሰጎን ጠባቂው መርዶ

ከአልዩ አምባ በታች፣ ከበረሃው
ሆሣዕና፣ መጋቢት 24 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ የሚገባው በሕማማት ነው። በሕማማት ደግሞ ሰላምታ ስለማይገባ የእኔን ዛሬ በሆሣዕና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽፌልሻለሁና እንደተሰጠሽ ቆጥረሽ ተቀበዪኝ። እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ዘንድሮ ከውርጩ ጋር ታረቀ ወይስ እንደ ልማዱ ይካሰሳል? በጎቹ ወለዱ? ያቺ አንድ ቀንድ ያላት ላም አሁንም የጎረቤት ገብስ እየበላች ታሰድባችኋለች? ሁሉንም ጠይቄያለሁ። መልሱን በየት በኩል እንደምትልኪልኝ ግን እኔም አላውቅም፤ ለእግዚአብሔር ንገሪው፣ እሱ ያደርስልኛል።

እኔ ደኅና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱን ስንረግም የኖርነው ሁሉ ተጠራቅሞ የተቆጠረብኝ ይመስለኛል፤ እዚህ ገና ቁርስ ሳይደርስ ድንጋዩ ይፋጃል። ጥላ የሚባል ነገር ካየሁ እንደ ዘመድ ልስመው ይቃጣኛል። ዛሬ ጧት ዓሊ ጸጉሬንም ጢሜንም ሙልጭ አድርጎ ላጨኝ። ብታዪኝ ትስቂ ነበር፤ ራሴ ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት የወረደ የሰጎን ዕንቁላል መስሏል። ዓሊ ምላጩን እየጠረገ፣ «ወላሂ፣ አሥር ዓመት ቀነስህ» አለኝ። አሥሩን ዓመት ለማን እንደምሰጠው አውቃለሁ አልኩት።

ዓሊን ታውቂዋለሽ፤ በጥምቀት ሰሞን ከአልዩ አምባ አሞሌ ጨው የሚያመጣልሽ ነጋዴ ነው። ይህን ወረቀት የሚሰጥሽ እሱ ነው። አብሮት አንድ አህያ ነጂ አለ። ሰውየው ጉሮሮውን ስለታመመ አይናገርም፤ ፊቱንም ተከናንቧል። እሱን ከአጥሩ ካብ ሥር፣ ፀሐይ ካለበት አስቀምጪው። ውሃ ስጪውና ተዪው፤ አትጠይቂው፣ አትመልከቺውም። አንቺ ግቢና በሩን ዘግተሽ አንብቢ። ድምፅ አታውጪ። ደግሞ እንደ ልጅነትሽ ከመሐል ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታዪ። ዳዊት ሳስተምርሽ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጠሽ «ጨረስኩ» ትዪኝ የነበረውን አልረሳሁም። ያኔ ዝም ያልኩሽ እኔም ፊደል የቆጠርኩት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ፣ የልጆቹን ጩኸት እየሰረቅሁ ስለነበር ነው፤ ሌባ ሌባን አይገሥጽም። ዛሬ ብትዘልዪ ግን የምትጎጂው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የእነዋሪው ወልደተንሣኤ ሽማግሌ እንደላከ፣ እናትሽም እሺ እንዳለች፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ቀን እንደተቆረጠ ዓሊ ነገረኝ። ወልደተንሣኤን አውቀዋለሁ። ሦስት ጎተራ ስንዴና ሁለት ጥርስ አለው፤ ጎተራዎቹ ሙሉ ናቸው። ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ቀሚሱን ገልብጦ ለብሶ ገበያ እንደሚወጣ ሰምቻለሁ፤ የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል። አንቺም ብትሆኚ የሚያርስልሽ ሰው ሳይኖር ሌላ ክረምት መግፋት እንደማትችዪ አውቃለሁ። አልፈርድብሽም። ግን እለምንሻለሁ፣ የሰጠሽውን ቃል መልሺ። ምክንያቱን አሁኑኑ ብነግርሽ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ባለፈው ኅዳር በጥድፊያ ነግሬሽ ምን እንዳደረግሁሽ አይቻለሁና ዛሬ ቀስ እላለሁ።

ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ጎሕ ሲቀድ ደጅሽ ቆምኩ። በዚያ ሰዓት አምስት ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ማገዶ ታቅፈሽ ወጣሽ። እኔን አየሽኝ፤ ፊቴ ላይ ቀልድ ፈልገሽ ስታጪ እንጨቱ ከእጅሽ ወደቀ። ባልሽ ገብረአብ ሞቷል ብዬ አፌን ሞልቼ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ለማረጋገጫም ጋቢውን ዘርግቼ አሳየሁሽ። ጸጉርሽን የተላጨሽው፣ አርባውን ያወጣሽው፣ አንገትሽን የደፋሽው በእኔ ቃል ነው።

ጋቢውን ከየት እንዳገኘሁት ያን ቀን በወጉ አልነገርኩሽም። ልቅሶ ላይ ስለ ሰጎን አይወራም ብዬ ነው። አሁን ልንገርሽ።

አምና ከዓሊ ጋር ጨው ልጭን ስወርድ የጣልያን ወታደሮች መንገድ ላይ ያዙን። ካፒቴናቸው አውሬ ሰብሳቢ ነበር፤ ከዚህ በረሃ የዱር አህያ፣ ሳላ፣ አቦ ሸማኔ፣ ጅብና ሰጎን እያስያዘ ወደ አገሩ ሊልክ ግቢ አሳጥሯል። በአስተርጓሚው በኩል፣ ከእናንተ መሐል ሰጎን አሳድጎ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አህዮቻችንን እንዲለቅልን ብዬ፣ እኔ አለሁ፣ ከአባቴ የወረስኩት ሙያ ነው አልኩት። ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሰጎን ጉልላት ላይ የተሰካውን ዕንቁላል ብቻ ነው። አህዮቹን ለቀቀልን፤ እኔን አስቀረኝ። ውሸት እንዲህ ያለ ፈጣን ዋጋ ሲያስከፍል አይቼ አላውቅም። ዓሊ አህዮቹን እየነዳ ሲርቅ ዞር ብሎ አየኝና «አላህ ከሰጎኖቹ ጋር ያስማማህ» አለኝ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም።

ግቢው ሰፊ ነው። ግማሹ በእሾህ፣ ግማሹ በሽቦ ታጥሯል። በየእሑዱ በባቡር እስከ አዋሽ፣ ከዚያ በካሚዮን፣ ጎብኚ ይመጣል፤ ሹማምንቱ፣ ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው። የእኔ ሥራ አውሬውን መመገብና ጎብኚ ሲመጣ በያንዳንዱ አጥር ፊት ቆሞ መናገር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ቋንቋቸውን ከፍርፋሪ ለቅሜ፣ ቁጥራቸውንም እስከ ሃምሳ ቆጥሬ ተማርኩ። የማላውቀውን ፈጠርኩላቸው። የዱር አህያው ከገዳም የሸሸ መነኩሴ ነው አልኳቸው፤ ጻፉት። ካፒቴኑ ለየአውሬው ስም አውጣ ሲለኝ ዘመዶቻችንን አንድ በአንድ አደልኳቸው። ሰውን በጎን የምታየዋ ትንሿ ሰጎን አንቺ ነሽ። ያቺ ትልቋ፣ ኩሩዋ፣ የሚቀርባትን ሁሉ የምትነክሰው ደግሞ አክስትሽ ዘርፈሽዋል ናት። ባለቤቴ በሰማይ ሰምታ ከሆነ ስደርስ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ስሞቹ በጥሩ ጽሕፈት ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ከየአጥሩ ተንጠልጥለዋል። ከኮረብታው ጀርባ ድንጋይ የሚፈልጡት የእኛ ሰዎች፣ ከዱር የተያዙት እስረኞች ግን፣ ጸጉርና ጢማቸው የተላጨ ነው፤ አንገታቸው ላይ ያለውም ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ነው። ካፒቴኑ ሠላሳ ሰጎን በመልክ ይለያል። ከሃምሳዎቹ እስረኞች አንዱን እንኳ አይለይም።

ወደ እስረኞቹ መቅረብ ለእኔ ክልክል ነበር። ስለዚህ ገብረአብ ከነሱ መሐል ይኑር አይኑር የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጧት ከጅቦቹ አጥር ውጭ፣ አሸዋው ተምሶ፣ የሰው አጥንትና የተቀደደ ጋቢ አገኘሁ። ጋቢውን ገለበጥኩት። ጥለቱ ጫፍ ላይ ሦስቱ ቀይ ቋጠሮዎች ነበሩ፤ አንቺ ሽመና ቤት ከመላክሽ በፊት በገዛ እጅሽ የምትቋጥሪያቸው። ሌላ ምን ልጠይቅ? በአገራችን ሰው ጋቢውን ለብሶ ይሞታል እንጂ ይሰጣል ብሎ ማን ያስባል? አጥንቱን ሰብስቤ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ከፍትሐቱ የማስታውሳትን ቁራጭ ደግሜ ቀበርኩት። ለካፒቴኑ ዘመዴ ሞቷል ብዬ የስድስት ቀን ፈቃድ ለመንኩና ወደ አንቺ ወጣሁ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

እዚህ ላይ ውሃ ጠጪ። እኔም እጠጣለሁ።

የካቲት ላይ ለሰጎኖቹ ውሃ ለመሳብ ቦይ መቆፈር ተጀመረ፤ እስረኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮረብታው ወደዚህ መጡ። እሑድ ነበር፤ ጎብኚው ሞልቷል። አንዲት ትንሽ ልጅ በጣቷ እያመለከተች እናቷን ስትጠይቅ ሰማሁ፤ «ምን ይበላሉ?» የሚለው ብቻ ገባኝ። ሰጎኖቹን ይሁን ከኋላቸው የሚቆፍሩትን አልለየሁም። እናትየው ልትመልስላት ጎንበስ ስትል ዘርፈሽዋል አንገቷን አስረዝማ ባርኔጣዋን ነጠቀቻት። ሹማምንቱ ተንጫጩ። እኔ ሰጎኗን ከአጥር አጥር እያባረርኩ፣ ረስቼው በገዛ ቋንቋዬ፣ «አንቺ ዘርፈሽዋል! ሰው ፊት አታዋርጂኝ! በሠርጋችን ዕለትም እንዲህ ነበርሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ከቦዩ ውስጥ ሳቅ መጣ።

ያ ሳቅ መጀመሪያ እንደ ሳል ይጀምራል፤ ኋላ እንደ ፍየል ግልገል ይዘላል። በሠርግሽ ዕለት ድንኳኑን ያናጋው፣ እናትሽ «ይሄ ልጅ ጤና አለው?» ብላ የጠየቀችበት ሳቅ ነው። ባርኔጣውን ከሰጎኗ አፍ አስለቅቄ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሙት ሲስቅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አዎ፣ ልጄ። አትጩኺ። እጅሽን አፍሽ ላይ አድርጊና ቀጥዪ።

ዘበኞቹ አጠገብ ናቸው፤ ወደ ቦዩ መዞር አልችልም። ስለዚህ ወደ ሰጎኗ ዞሬ፣ ምግብ የምሰጣት መስዬ፣ «ዘርፈሽዋል፣ ኅዳር ላይ አልቅሼልሽ አልነበረም ወይ? አርባሽንስ ቤተሰብሽ አላወጣም ወይ?» አልኳት። እስረኞቹ ሲቆፍሩ ዜማ ይቀባበላሉ። ገብረአብም ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዜማው መሐል፣ እኔ አይደለሁም በላት፣ ለወንድሜ ነው ያለቀስሽለት በላት፣ እያለ አዜመ። ዶማው ሲወርድ ድምፁም ይወርዳል። «ጋቢሽስ ምን ሆነ?» አልኳት ሰጎኗን። ለወንድሜ መገነዣ ሰጠሁት፣ ራቁቱን አፈር አይግባ ብዬ፣ አለ ከቦዩ። አንዱ ዘበኛ ለጓደኛው ይህ ሽማግሌ አብዷል፣ ከወፍ ጋር ይጨቃጨቃል ብሎ ሳቀ። አላበድኩም አላልኩትም።

በሚቀጥሉት ቀናት በሰጎኗ በኩል ሁሉንም ሰማሁ። ወንድሜ የሚለው ሟች ጓደኛው የጎረቤላው ወርቅአገኘሁ ነው፤ የወለተ ጊዮርጊስ አንድ ልጇ። ከገብረአብ ጋር አብረው ነው ዱር የገቡት፣ አብረው ነው የተያዙት። ንዳድ ገደለው። ሲሞት አፈር አልብሱት ብሎ የፈቀደ አልነበረም፤ ጎትተው ከአጥሩ ውጭ ሊጥሉት ሲሉ ገብረአብ ጋቢውን አውልቆ ገነዘው፣ በእጁም አሸዋ ጭሮ ሸፈነው። ጅቦቹ አወጡት። እኔም ብልጡ አጎትሽ፣ ቋጠሮ አይቼ ሰው ቀበርኩ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሥርዓት አለን። ማን እንደሚቀድም፣ ማን ስሙን እንደሚጠራ፣ ማን ሴቲቱን ደግፎ እንደሚይዝ የታወቀ ነው። የተነገረ መርዶ እንዴት እንደሚመለስ ግን አባቶቻችን ሥርዓት አልሠሩልንም። እዚያው ሰጎኖቹ መሐል ተቀምጬ ብዙ አሰብኩበት። በየካቲት ለምን አልላክህልኝም ትዪኝ ይሆናል። ገብረአብ በየቀኑ ሲከሳ አየው ነበር። ዛሬ አለ ብዬሽ ነገ ቢሞት፣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ላስለቅስሽ ነው። ሰጎን ዓይኗን ከዕንቁላሏ ካነሳች ዕንቁላሉ ይበላሻል ይባል የለ? ውሸት ነው፤ እንዳየሁት ስትበላ ትሄዳለች፣ ባሏ ይተካታል። እኔ ግን ተረቱን አምኜ ሁለት ወር ገደማ ዓይኔን ከዚያ ቦይ አላነሳሁም። ኋላ ዓሊ የወልደተንሣኤን ነገር ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እግዚአብሔር የፈለገውን በር በፈለገው እጅ ይከፍታል። ግቢው እንዲዘጋ ትእዛዝ መጣ። አውሬዎቹን መጫን ጀመሩ፤ አርብ ዕለት ጅቦቹና አቦ ሸማኔው፣ ቅዳሜ ሳላዎቹና የዱር አህያው፣ ዛሬ ጧት ሰጎኖቹ። ዘርፈሽዋልን ለመጫን አራት ሰው ፈጀ፤ አንዱ እስካሁን ያነክሳል። ካፒቴኑ ሲሄድ ትከሻዬን መታ አድርጎ የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ። ይህ ሰው ሥራውን ፈጽሟል፣ ወደ አገሩ ይግባ፣ የሚያግደው አይኑር ይላል። ስሜ አለበት፤ መልኬ የለበትም። ማኅተሙ እንደ ወጥ ድስት ክዳን ሰፊ ነው።

እስረኞቹን ነገ ወደ ሌላ አገር ለመንገድ ሥራ ይወስዷቸዋል። የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ገብረአብ ሐሙስና አርብ ንዳድ ጥሎት ጎጆ ውስጥ ተኝቶ ነበር የዋለው። እዚያ መንገድ ላይ ሳምንት አይቆይም። ዛሬ ረፋዱ ላይ ካፒቴኑ ሄዷል፣ አዲሶቹ ጠባቂዎች ገና አልመጡም፤ የቀሩት ሦስት ዘበኞች ጓዛቸውን ያስራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ ያለ ሰጎን አነጋገርኩት። ወረቀቱን ያዝና ከዓሊ ጋር ውጣ አልኩት።

እምቢ አለኝ። ባልሽ ግትር ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በታኅሣሥ አንድ እስረኛ ጎድሎ አምስቱን ምን እንዳደረጓቸው አይቷል። «በእኔ ፈንታ ሰው አላስገድልም፣ አባባ» አለኝ። ጅብ የበላው ሰው ግን እንደ ጎደለ አይቆጠርም አልኩት። አርባ ሁለት የሚለውን ቆርቆሮህን ስጠኝ፣ ከቀሚስህም ቁራጭ ቅደድልኝ፣ ደም ነክሬ ጅቦቹ አጥር ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ሲቆጥሩ ጅብ በላው ብለው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ በጅብ ሆድ ገብተህ ወጥተሃል፣ ሁለተኛው አይጎዳህም አልኩት። ያኔ ሳቀ። ከሳቀልኝ በኋላ ሥራው ቀላል ነበር። አንተስ ያለ ወረቀት እንዴት ትወጣለህ ብሎ ጠየቀኝ። ካፒቴኑ ሁለት ጽፎልኛል፣ በሚቀጥለው የዓሊ ጉዞ እመጣለሁ አልኩት። እኔ ስዋሽ ታውቂኛለሽ፤ ግራ ዓይኔ ትጠባለች። ደግነቱ ፀሐይዋ በርትታ የሁላችንም ዓይን ጠቦ ነበር። ጸጉርህን ለምን ተላጨህ አለኝ፤ ቅማል አልኩት።

ጅቦቹ አርብ እንደሄዱ እሱ አያውቅም። አንቺም አትንገሪው። ቢያንስ ጸጉሩ እስኪያድግ።

አሁን ዓሊ ከውሃው ጉድጓድ አጠገብ አህዮቹን ጭኖ ይጠብቀኛል፤ ጨርስ እያለ በእጁ ያመለክተኛል። የምጽፈው በባዶው የሰጎኖች ግቢ፣ ከዘርፈሽዋል ሰሌዳ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ወረቀቱም የአውሬዎቹ ቀለብ የሚጻፍበት ነበር፣ ጀርባውን አትዪው። ሰውነቴ ዝሏል። ነገር ግን ሥራውን የጨረሰ ሰው ድካም እንጂ የተሸነፈ ሰው ድካም አይደለም።

ሦስት ነገር አዝዝሻለሁ። ለወልደተንሣኤ ሽማግሌዎቹን በክብር መልሺለት፤ ምክንያት ቢጠይቅ አጎቴ ከለከለኝ በዪው፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ ጣዪው፣ ትከሻዬ ለምዷል። ገብረአብን ደብረ ብርሃን ላይ አታሳድሪው፤ በዚያው ወረቀት መንዝ ወዳሉት ዘመዶቹ ይሻገር፣ አንቺም ተከተዪው። ሦስተኛው ከባዱ ነው። ያ ጋቢ ሣጥንሽ ውስጥ ነው። እጠቢውና ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይዘሽ ጎረቤላ ሂጂ፤ ጎሕ ሲቀድ ወለተ ጊዮርጊስ ደጅ ቁሚ። የልጇን መርዶ በሥርዓቱ ንገሪያትና ጋቢውን ስጫት። ያወጣሽውም አርባ ባክኗል አትበዪ፤ የበሉት ሰዎች ያሉት «ነፍስ ይማር» ስም ቢሳሳትም ለወርቅአገኘሁ ደርሶለታል። ለእናቲቱ ይህንንም ንገሪያት።

ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በሳምንቱ ለሚሞተው ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። እዚህ ቄስ የለም፤ የእናንተ ቄስ ግን ዛሬ ለሁሉም ሲያደርስ ማንንም በስም አይለይም። ደስ የሚል ሥርዓት ነው። ሰው ሳያስቸግር ይገባበታል።

ልጄ፣ የሣራን ማኅፀን የባረከ የአንቺንም ይባርክ። ምድጃሽ አይብረድ፣ ደጅሽ በክፉ ሰው አይንኳኳ። ለእናትሽ ንገሪያት፣ ዘመኔን በሙሉ ሳበሽቃት ኖሬያለሁ፣ ይቅር ትበለኝ፤ ይቅር ካላለችኝም አትደነቂ። ወንድ ልጅ ብትወልዱ በእኔ ስም እንዳትጠሩት፣ ቀልደኛ ይሆንባችኋል።

የአዲሶቹ ጠባቂዎች ካሚዮን መጣ፤ ፊሽካ ተነፋ። ለቁጥር ነው። አርባ ሁለት በነሱ አፍ ኳራንታዱዌ ነው፤ ስለማመደው ውያለሁ፣ አልስተውም። ቆርቆሮው መጀመሪያ አንገት ላይ ሲያርፍ ይበርዳል፣ ኋላ ግን ከሰውነት ጋር ይሞቃል።

አሁን ወረቀቱን አጥፊና ምድጃው ውስጥ ክተቺው። ፊትሽን ታጠቢ። ከዚያ በሩን ከፍተሽ ወደ ካቡ ሂጂ፤ አህያ ነጂው ብዙ ጠብቋል። ጉሮሮው ደኅና ነው። ሕማማት ስለሆነ መሳም አይገባምና ሳሚው አልልሽም፤ ፋሲካ ግን ሦስት ቀን ነው የቀረው። እስከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ አሳቂው።

ሰጎን ጠባቂው አጎትሽ